ወመዘክር ሄደሽ ባዶ እጅሽን እንዳትመለሺ

ከቱሉ ዲምቱ የጻፍሽልን እህታችን፣ «ስለ አቃቂ ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ ፍለጋ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ሄጄ ነበር፤ መጽሐፍ አናውስም፣ ‘ስለ አቃቂ’ የሚባል ፋይልም የለም አሉኝ፤ ከዚህ በየቀኑ መመላለስ ደግሞ አልችልም» ብለሻል። የነገሩሽ ልክ ነው። ግን የምትፈልጊው የለም ማለት አይደለም፤ አጠያየቁን መቀየር ነው ያለብሽ።

ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አሳታሚዎች በሕግ የሚያስገቡትን ቅጂ ለመጪው ትውልድ ስለሚያስቀምጥ፣ መጽሐፉ እዚያው ተነብቦ እዚያው ይመለሳል። ከካታሎጉ ላይ መለያ ቁጥሩን ጽፈሽ ትሰጫለሽ፣ ሠራተኛው ያወጣልሻል። አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጋር አታምታቺው። አብርሆት ቁጭ ብሎ ለማንበብ መልካም ቦታ ነው፤ የድሮ የመንግሥት መዝገብ ግን እዚያ አይፈለግም።

ዋናው ነገር ቤተ መዛግብቱ ጋ ነው። መዝገብ እንደ መጽሐፍ በርዕሰ ጉዳይ አይደረደርም፤ የሚቀመጠው በጻፈው መሥሪያ ቤት ስም ነው። ስለዚህ «ስለ አቃቂ» ብለሽ ስትጠይቂ ሠራተኛው የሚከፍተው ዝርዝር የለውም። ከቤት ሳትወጪ ይህን መልሺ፦ ያን ወረቀት በዚያ ዘመን ማን ይጽፈው ነበር? የአስተዳደር ጉዳይ ከሆነ የአገር ግዛት ሚኒስቴር፣ የግብር ከሆነ የገንዘብ ሚኒስቴር። ቦታውንም በዛሬው ክፍለ ከተማ ስም አትጥሪው፤ በንጉሡ ዘመን ፋይል ላይ ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ መናገሻ አውራጃ እያልሽ ነው የምትፈልጊው። መሥሪያ ቤቱን፣ ዓመቱንና የጽሑፉን ዓይነት (ደብዳቤ፣ ሪፖርት፣ አቤቱታ) በአንድ ወረቀት ላይ አስፍረሽ ሂጂ። እንዲያም ሆኖ ላይገኝ ይችላል። ሁሉም መሥሪያ ቤት መዝገቡን አላስረከበም፤ እስከ ዛሬ ምድር ቤት ውስጥ አቧራ የለበሰ ፋይል ብዙ ነው፣ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

ለአንቺ ርዕስ ግን መጀመሪያ የመንግሥት አዋጆች የሚታተሙበትን ነጋሪት ጋዜጣን ብትይዢ እመክራለሁ። መታተም የጀመረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ከፈለግሽው ዓመት ላይ 1933 ብትቀንሺ የጋዜጣው ስንተኛ ዓመት እንደሆነ ታገኛለሽ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967፣ 1967 ሲቀነስ 1933፣ 34ኛ ዓመት ላይ ነው ማለት ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የጋዜጣው የእንግሊዝኛ ዓምድ ይህንኑ አዋጅ በፈረንጆች አቆጣጠር 47/1975 ይለዋል። ከውጭ መጽሐፍ ላይ 1975ን ገልብጠሽ በእኛ አቆጣጠር 1975 ዓ.ም. ጥራዝ ውስጥ ብትፈልጊ ቀኑን ሙሉ ብታገላብጪ አታገኚውም። ከ1987 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ፌደራል ነጋሪት ጋዜጣ ተብሎ ቁጥሩ እንደገና ከአንድ ጀምሯል።

አዲስ ዘመንን ስትጠይቂ ከነወሩ ጠይቂ፤ «የሃምሳዎቹን አምጡልኝ» ብትይ የሚሸከምልሽ የለም። ዓመቱ መስከረም ላይ ስለሚዞር የነሐሴና የመስከረም ዜና ሁለት ጥራዝ ሊያስወጣ ይችላል። የድሮ ጋዜጣ ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ምክንያት እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል። ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ተዘርግቶ ሲጫን ደግሞ ጥራዙ ከጀርባው ይላቀቃል። አስፈቅደሽ ያለ ፍላሽ በስልክ ማንሳቱ ይሻላል። ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት የአቃፊውን ወይም የጥራዙን ሽፋን አንሺ፤ ቁጥሩ የሌለው ፎቶ ለግርጌ ማስታወሻ አይሆንም።

ካታሎግ ላይ «የለም» ሲል ቶሎ አትመኚው። ኮምፒዩተር ዓለማየሁንና አለማየሁን፣ ፀሐይንና ጸሀይን እንደ ሁለት ቃል ነው የሚያያቸው፤ በሁሉም ሆሄ ሞክሪ። የኢትዮጵያዊ ደራሲ እኛ ጋ በራሱ ስም ይመዘገባል፤ በውጭ ዝርዝር ግን በአባቱ ስም ሊገባ ይችላል።

መንገዱ ሩቅ ስለሆነ አንድ ቀን መርጠሽ ጠዋት 2፡30 በር ላይ ተገኚ፤ የሚወጣውን ሁሉ ከምሳ በፊት ጠይቂ። ዓርብን ተዪው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት 5፡30 ላይ ወጥቶ የሚመለሰው 7፡30 ነው። መታወቂያ፣ እርሳስ (እስክሪብቶ መዝገብ ላይ ጠብ ካለ አይለቅም)፣ እንዲሁም ርዕስሽን በስም የሚጠቅስ የትብብር ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲሽ ያዢ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ የሚያልፍ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ላይ ያጓትትሻል።

የአያትሽን የቦታ ካርታ ስለጠየቅሽው፣ የግለሰብ ይዞታ ማኅደር ለማግኘት ክፍለ ከተማው መሬት አስተዳደር ሂጂ። ካርታው በአያትሽ ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቁሻል።