ሁለት «እትዬ» በአንድ ቤት

ለአምዱ አዘጋጅ፦

አዳማ የምኖር ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ እናቱ በልጅነቱ ስለሞቱበት ያሳደጉት ታላቅ እኅቱ ናቸው፤ እሱ «እትዬ» ስለሚላቸው እኔም ልጆቼም በዚሁ እንጠራቸዋለን። የቤት ሠራተኛችን ደግሞ እኔን «እትዬ» ትለኛለች። ለፋሲካ ሊጠይቁን መጥተው በረንዳ ላይ ቡና ስንጠጣ፣ ልጅቷ ከማድ ቤት «እትዬ!» ብላ ብትጣራ እኔም እሳቸውም እኩል «ወይ!» አልን። ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መልሰው «ለካ የዚህ ቤት እትዬ ሌላ ናት» አሉና ሳቁ፤ ሳምንት ሊሰነብቱ መጥተው ግን በማግስቱ ሄዱ። ባለቤቴ ቃሉ የእኅት ነው ይላል፤ እኔ የማውቀው የቤት እመቤት መጠሪያ መሆኑን ነው። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦

ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም፤ ወደ ቃሉ ሥር የቀረቡት ግን ባለቤትዎ ናቸው። «እት» «እኅት» ከሚለው ያጠረ ሲሆን፣ «ዬ» እንደ «እማዬ» እና «አባዬ» ሁሉ ማቆላመጫ ነው፤ እታገኘሁና እታፈራሁ በሚሉት የሴት ስሞች ውስጥም ይኸው እኅት አለ። ለወንዱ «ጋሼ» እንደምንለው፣ «እትዬ» ታናሽ በባዶ ስሟ ሊጠራት የማይደፍራት ታላቅ እኅት ናት። ከዚያ ሰፍቶ ለጎረቤት ትልቅ ሴት፣ አልፎም ሠራተኛ ለአሠሪዋ የምትለው ሆነ፤ ሠራተኛዋ እንደ ቤቱ ታናሽ ትታይ ስለነበር ይመስለኛል፣ እንደ ታናሽ እኅት ተይዛለች ማለቴ ግን አይደለም።

እንግዲህ ለእርስዎ የአሠሪነት መጠሪያ የሆነው፣ ለእሳቸው እናት የሌለው ልጅ ያሳደጉበት ስም ነው። ቅር ያሰኛቸውም የልጅቷ ጥሪ ሳይሆን፣ በእሳቸው ፊት በዚያ ስም «ወይ» ማለትዎ ሳይሆን አይቀርም። ድሮ ሙሽራ የባሏን እኅቶች በስማቸው መጥራት ስለሚከብዳት «እታለም»ን የመሰለ የቁልምጫ ስም ታወጣላቸው ነበር፤ እርስዎ ያን ያህል አይደክሙም። ልጅቷ በስምዎ ላይ «እት» ጨምራ እንድትጠራዎ ይንገሯት፤ እኅትየውን ግን ባለቤትዎን ሳይልኩ ራስዎ ይደውሉላቸው፣ የቃሉንም ትርጉም ሳያነሡ፣ ጥሪው መስተካከሉን ብቻ ነግረው የቀረባቸውን ሳምንት መጥተው እንዲሰነብቱ ይለምኗቸው።