ባለ 250 ኦም ሄድፎን ድምፁ ለምን ያንሳል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሙዚቃ ማቀናበር ጀምሬ ባለ 250 ኦም ሄድፎን ገዛሁ። መግለጫው ላይ «96 ዴሲቤል በሚሊዋት» ይላል። ስልኬ ላይ በዩኤስቢ አዳፕተር ስሰካው ቮልዩሙን እስከ መጨረሻ ከፍቼውም ድምፁ ደካማ ነው፤ ቤዙም የለም። ራሴ የሠራሁትን ስሰማ ደግሞ ይብሳል። አንዱ ጓደኛዬ «1 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ግዛ» ይለኛል፣ ሌላው «ያን ያህል ኃይል ሄድፎኑን ያቃጥለዋል» ይላል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ጓደኞችህ የሚያወሩት ስለ ዋት ነው። አንተን ያስቸገረህ ግን የቮልት ማነስ ነው። ኦም ማለት ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራው፤ ከዚያ በኋላ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግህም።

ከስሌቱ በፊት ግን ሁለት ነገር አጣራ። ስልክህ ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ ጣሪያ የሚገድብ ምርጫ ካለ አጥፋው። ቀጥሎ ጃኩ (የሄድፎኑ መሰኪያ ጫፍ) አዳፕተሩ ውስጥ እስከ መጨረሻ መግባቱን እይ። አንድ ልጅ «ሄድፎኔ ተቃጠለ» ብሎ አምጥቶልኝ ነበር። የሁለቱንም ጆሮ ኮይል (ድምፁን የሚያወጣውን የሽቦ ጥቅል) ለካሁ፣ ጤነኞች ናቸው። ጃኩ በትንሹ ወጣ ብሎ ኖሮ ለግራና ለቀኝ የጋራ የሆነው መመለሻ መስመር አልነካም ነበር። እንዲህ ሲሆን የሚሰማህ የግራና የቀኝ ልዩነት ብቻ ነው፤ መሐል ላይ የተቀመጡት የዘፋኙ ድምፅና ቤዙ ይጠፋሉ። አንተም ቤዝ የለም ስላልከኝ መጀመሪያ የማስበው ይህንን ነው።

ጃኩ ደህና ከሆነ ወደ ስሌቱ እንሂድ። 96 ዴሲቤል በሚሊዋት ማለት ሄድፎኑ 1 ሚሊዋት ሲደርሰው 96 ዴሲቤል ያህል ይጮኻል ማለት ነው። ሙዚቃ በአማካይ 80 ዴሲቤል ላይ ብትሰማ እንኳ ከበሮው ሲመታ ለቅጽበት ከአማካዩ 20 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊዘል ይችላል። ስለዚህ እኔ ሳሰላ ለቅጽበታዊ ጫፎች 110 ዴሲቤል እይዛለሁ። ከ96 እስከ 110 ድረስ 14 ዴሲቤል አለ። 10 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ኃይሉ 10 እጥፍ ይሆናል፤ 14 ዴሲቤል ወደ 25 እጥፍ ነው። የሚያስፈልግህ እንግዲህ 25 ሚሊዋት ነው፤ ጓደኛህ ካለው አንድ ዋት አርባ ጊዜ ያነሰ።

ታዲያ ስልኩ ይህን ትንሽ ኃይል እንዴት አቃተው? ቮልቱን ለማግኘት ዋቱን በኦሙ አባዛና ስኩዌር ሩቱን ውሰድ፦ 0.025 ሲባዛ በ250 ውጤቱ 6.25፣ ስኩዌር ሩቱ 2.5 ቮልት። የስልክ አዳፕተሮች ብዙ ጊዜ 1 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ፣ ግማሽ ቮልት ብቻ የሚሰጡም አሉ። በ1 ቮልት 250 ኦም ውስጥ የሚገባው 4 ሚሊዋት ነው፤ ጫፉ 102 ዴሲቤል ይሆናል። በግማሽ ቮልት 1 ሚሊዋት ብቻ ይገባና 96 ላይ ይቆማል፤ አማካዩ ከዚያ 20 ሲወርድ 76 ነው። የራስህ ሥራ የሚብሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ተሠርቶ የወጣ ዘፈን ማስተሪንግ (ከመውጣቱ በፊት ያለው የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) ላይ ጫፎቹ ተጨፍልቀው አማካዩ ከፍ ብሏል፤ ያንተ ሚክስ ገና እዚያ አልደረሰም።

ባለ 32 ኦም ሄድፎን በዚሁ 96 ዴሲቤል ቢሆን 25 ሚሊዋቱን ለማግኘት 0.9 ቮልት ገደማ ይበቃው ነበር። የቤየርዳይናሚክ ኩባንያ ዲቲ 770 ፕሮ ሄድፎን በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ተለይቶ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ዝቅተኛው ለተንቀሳቃሽ መሣሪያ፣ ከፍተኛው ለስቱዲዮ።

ይሁንና ኦሙ ያነሰ ሁሉ ቀላል ነው ብለህ እንዳትደመድም። ሃይፋይማን ኤችኢ-6 የሚባለው ሄድፎን 50 ኦም ብቻ ነው፤ ነገር ግን 83.5 ዴሲቤል በሚሊዋት ስለሆነ 110 ለመድረስ 450 ሚሊዋት ገደማ ይፈልጋል። ሁለቱን ቁጥሮች ነጣጥሎ ማየት ነው ሰውን የሚያሳስተው። ሌላም ወጥመድ አለ፦ አንዳንድ አምራች በሚሊዋት ሳይሆን በቮልት ይጽፋል። ኤኬጂ ኬ702 የሚባለው ሄድፎን 105 ዴሲቤል በቮልት ሲባል ከአንተ ሄድፎን በጣም የሚጮኽ ይመስላል። ኦሙ 62 ስለሆነ ግን በሚሊዋት ሲቀየር 93 ገደማ ነው፤ ካንተ ያነሰ።

አሁን ወደ አምፕሊፋየሩ። «1 ዋት» የሚለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ለ32 ኦም ነው። ይህ 5.7 ቮልት ገደማ ማለት ሲሆን በ250 ኦም 128 ሚሊዋት ይሰጥሃል። ከሚያስፈልግህ አምስት እጥፍ፣ ማለትም 7 ዴሲቤል መጠባበቂያ አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጓደኛህ ምክንያቱን ባይነግርህም ምክሩ ይሠራል። ለ32 ኦም 100 ሚሊዋት የሚል ትንሽ አምፕሊፋየር ግን ላንተ 13 ሚሊዋት ብቻ ነው። ከቻልህ በ250 ወይም በ300 ኦም ስንት እንደሚሰጥ በግልጽ የጻፈውን ምረጥ።

ማቃጠሉን በተመለከተ፣ አምፕሊፋየር መስጠት የሚችለውን ሁሉ በግድ አይገፋም፤ ቮልዩሙን የከፈትከውን ያህል ብቻ ነው የሚሄደው። 100 ሚሊዋት ላይ ስትደርስ 116 ዴሲቤል ነውና ጆሮህ ቀድሞ ይጮኻል። እኔ ጋ ተቃጥለው የመጡት የስፒከር መውጫ ላይ የተሰኩና ቮልዩም ተከፍቶ እያለ የተሰኩ ናቸው። ያገለገለ አምፕሊፋየር ከገዛህ ደግሞ ሙዚቃ ሳይኖር መውጫውን በመልቲሜትር ዲሲ ቮልት ላይ ለካው። ከ50 ሚሊቮልት በላይ ካሳየ እኔ ሄድፎን አልሰካበትም።

የአምፕሊፋየሩ የራሱ የመውጫ ኢምፒዳንስ (በኦም የሚለካ ተቃውሞው) ከሄድፎኑ አንድ ስምንተኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ላንተ እስከ 31 ኦም ስለሆነ አይጨንቅህም። በዚያው መሣሪያ ባለ 16 ኦም ኤርፎን ልትሰማ ከሆነ ግን ከ2 ኦም የማይበልጥ ፈልግ፤ ጌይን (የማጉያ መጠን) ዝቅ ማድረጊያም ይኑረው፣ አለበለዚያ ከጀርባ የ«ሽሽ» ድምፅ ይሰማሃል።

ቤዙን በተመለከተ ከአምፕሊፋየሩ ተአምር አትጠብቅ። ጆሯችን ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙን ድምፅ ከሌላው አብልጦ እንደሚያጣ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 ለክተው አሳይተዋል። ድምፁ በቂ ከፍታ ሲደርስ ቤዙ ይመለስልሃል፤ የሄድፎኑ ጠባይ ግን ያው ነው። ሰዓታት የሚፈጅ ሚክስ ስትሠራም አማካዩን ከ85 ዴሲቤል በታች አድርገው። ለሥራ ቦታ በሚሠራበት አንድ ልኬት 85 ለ8 ሰዓት ነው፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ 1 ሰዓት ብቻ ይቀርሃል።

ማቀናበር ጀምሬያለሁ ካልከኝ ደግሞ ማይክ የምትሰካበት ኦዲዮ ኢንተርፌስ ሳይኖርህ አይቀርም። የሄድፎን መውጫው 2.5 ቮልት ከደረሰ ሌላ አምፕሊፋየር መግዛት አያስፈልግህም። መግለጫውን አውጣና በ250 ኦም ስንት ሚሊዋት እንደሚል እይ፤ 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሄድፎንህን ዛሬውኑ እዚያ ላይ ሰካው።