የሻማ ምሽት ልታዘጋጁ ነው? ጠይቁኝ

በጎርፍ፣ በቃጠሎና በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዱ ሰዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ የሻማ ማብራት ምሽት ሳስተባብር ዓመታት አልፈዋል። አብዛኞቹ ጥሩ ነበሩ። ያበላሸኋቸው ግን የበለጠ አስተምረውኛል። ሰሞኑን ብዙ ሰው ስለዚሁ ስለጠየቀኝ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሰው ሐዘን ላይ ሆኖ «ገንዘብ አምጡ» ማለት ያሳፍራል። እናንተ እንዴት ነው የምትጠይቁት?

ይህ እፍረት የመጀመሪያውን ምሽቴን ገደል ከቶታል። ሰው ግጥም ብሎ መጣ። ሻማ በራ፣ ዝም ተባለ፣ ብዙዎች አለቀሱ። የገንዘብ ሣጥኑን «ሰው አይቶ ራሱ ያስገባል» ብለን መውጫው ጥግ አስቀመጥነው። በጨለማ ማን ያየዋል? ሲቆጠር የሻማውን ወጪ እንኳ አልሸፈነም።

አሁን በግልጽ ነው የምጠይቀው። የጥሪ ወረቀቱ ላይ ገና ከጅምሩ «የገንዘብ ማሰባሰቢያ» ተብሎ ይጻፋል። ሰው ቅር የሚለው ሳያስበው ኪሱ ሲጠየቅ ነው። በምሽቱ ደግሞ አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ ከሁለት ደቂቃ ባልበለጠ ይናገራል፦ ለማን እንደሆነ፣ በማን በኩል እንደሚሄድ፣ ለምን እንደሚውል። አለቀ። አምስት ሰው እየተፈራረቀ ሲለምን ነው ነገሩ የሚረክሰው።

ከሁሉም በላይ ግን ጊዜው ነው። ጥያቄው ሻማው ከመብራቱ በፊት ይሁን። በአንድ እጁ የበራ ሻማ የያዘ ሰው ስልኩን ከፍቶ ገንዘብ መላክ አይችልም። ቦርሳውንም አይከፍትም። ይህቺን ቀላል ነገር ለማወቅ ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል። አሁን የሂሳብ ቁጥሩ በትልቁ ተጽፎ ይሰቀላል፣ አካባቢው ብርሃን እያለ ሰው ይልካል፣ ሣጥኑ በሰው መሀል ይዞራል፣ ሻማው የሚታደለው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ሻማ ልግዛ?

ቀጭንና አጭር የሆነውን። አይንጠባጠብም የሚባለውም ቢሆን ንፋስ ሲመታው ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከወፍራም ካርቶን የእጅ መዳፍ የሚያህል ክብ ቁረጪ፣ መሀሉን በምላጭ መስቀለኛ ሰንጥቂው፣ ሻማውን ከታች አስገቢው። ሰሙ ካርቶኑ ላይ ይቀራል እንጂ እጅ ላይ አይፈስም። ንፋስ ካለ ታችው የተበሳ የወረቀት ኩባያ ይሻላል፣ ግን ነበልባሉ ከኩባያው አፍ በላይ መውጣት አለበት። አለበለዚያ ወረቀቱ ራሱ ይቀጣጠላል።

ሌላም አለ። ብርሃን ሲቀባበሉ ዘንበል የሚለው ያልበራው ሻማ ነው። የበራው ቀጥ ብሎ ይቁም። የበራውን ካዘነበሉት የቀለጠው ሰም የጎረቤት እጅ ላይ ይፈሳል። ይህን ከመድረክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው።

ሰው ከተቃጠለም አትደናገጡ፦ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ። በረዶ አይደረግበትም።

ጥያቄ፦ ልጆች ይኖራሉ። በባትሪ የሚሠራው ሻማ አይሻልም?

ለልጆች ይሻላል፣ ግን ባትሪውን እዩ። ብዙዎቹ ውስጥ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ናት። ልጅ ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። የባትሪ ክዳኑ በብሎን የሚታሰር ካልሆነ ይቅርባችሁ። ሲመልሱላችሁም ቆጥራችሁ ተረከቡ።

ጥያቄ፦ በሻማው ፋንታ ወደ ሰማይ የሚለቀቅ የወረቀት ፋኖስ አስበን ነበር። ለፎቶ ያምራል።

ያምራል። አታድርጉት። ፋኖሱ የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። በጀርመን ክሬፌልድ ከተማ እ.ኤ.አ. የ2020 አዲስ ዓመት ሲገባ እንዲህ ያለ ፋኖስ የእንስሳት ማቆያ ጣሪያ ላይ አርፎ ኦራንጉታንና ጎሪላን ጨምሮ ከ30 በላይ እንስሳት ተቃጥለው ሞተዋል። የለቀቁት ሰዎች ክፋት አላሰቡም፣ ራሳቸው ሄደው ለፖሊስ ተናገሩ። ለአደጋ ተጎጂ ገንዘብ እያሰባሰባችሁ ሌላ አደጋ አትፍጠሩ።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያስፈልጋል?

አደባባይ ወይም መንገድ ላይ ከሆነ አዎ ብላችሁ ገምቱ። የቦታውን ባለቤትም ጠይቁ፣ በጽሑፍ።

ጥያቄ፦ ልብስና ብርድ ልብስ ይዘን እንምጣ የሚሉ አሉ። እንቢ ማለት ከበደኝ።

ይገባኛል። ሰው ከቤቱ አውጥቶ ሲሰጥ ልቡ ይረካል። ግን አስበው፦ ያ ልብስ መለየት አለበት፣ መታሰር አለበት፣ መጫን አለበት። አደጋ ያለበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ መጋዘኑ በመድኃኒትና በውሃ ፋንታ በማንም በማይለብሰው ጫማ ይያዛል። ገንዘብ ግን ቶሎ ይደርሳል፣ የሚያስፈልገውንም እዚያው አቅራቢያ ይገዛል፣ የአካባቢው ገበያም ያንሰራራል። «ዕቃው መልካም ነው፣ እዚህ ሸጣችሁ ገንዘቡን ስጡን» በላቸው። ያለ ቅሬታ ተቀብለውኛል። ተረጂው ዘንድ ያለ ድርጅት ራሱ የዕቃ ዝርዝር ከላከ ነገሩ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ለማን እንስጥ? ለትልቅ ድርጅት ወይስ ቀጥታ ለተጎጂዎች?

እዚያው ቦታው ላይ ከአደጋው በፊትም ይሠራ ለነበረ። ትልቅ ይሁን ትንሽ አያሳስበኝም። ምሽቱ ሳይደርስ ደውላችሁ ስማቸውን ልትጠቀሙ እንደሆነ ንገሯቸው፣ ደረሰኝ እንደሚሰጡም አረጋግጡ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ ገንዘቡ ቢተርፍስ? እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ሲደርስ ከዓለም ዙሪያ ገንዘብ ጎረፈ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው የሕክምና ዕርዳታ ድርጅት በሳምንት ገደማ ውስጥ «ለሱናሚው ይበቃናል» ብሎ መቀበሉን አቆመ። የተረፈውን ለሌላ አደጋ ለማዋልም ሰጪዎቹን ፈቃድ ጠየቀ። ሌሎች ተቆጥተውበት ነበር፣ እኔ ግን አከበርኩት። እናንተም ወረቀታችሁ ላይ «ከፍላጎቱ ከተረፈ ለሌላ አደጋ ሊውል ይችላል» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩ። በኋላ ከሐሜት ታድናለች።

ጥያቄ፦ ሣጥኑን ማን ይያዝ? ባለፈው ጊዜ በኛ ዘንድ ትንሽ ሐሜት ተነስቶ ነበር።

የአደራ ገንዘብ በአንድ ሰው እጅ አይያዝም። ያ ሰው ታማኝ ስለሆነ ነው እንዲያውም ከሐሜት የምትጠብቁት። ሣጥኑ ታሽጎ ይምጣ፣ ማሸጊያው ላይ ሁለት ሰው ይፈርም። ዘመዳሞች ባይሆኑ ይመረጣል። ምሽቱ ሲያልቅ ወዲያው እዚያው ይቆጠር፦ አንዱ ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ደግሞ ይቆጥራል፣ ሦስተኛው ይጽፋል። ድምሩ ላይ ሦስቱም ይፈርማሉ። ቤት ወስዶ ነገ መቁጠር የሚባል ነገር የለም። እኔ አንድ ጊዜ ደክሞኝ ሣጥኑን ቤቴ አሳድሬው ነበር። አንድም ሳንቲም አልጎደለም፣ ግን ለወር ያህል «እሷ ጋ ነው ያደረው» እየተባለ ስሜ ሲነሳ ከረመ።

ድምሩን በ24 ሰዓት ውስጥ ለሰው አሳውቁ። ወጪያችሁንም አትደብቁ። ለሻማና ለድምጽ ማጉያ የወጣው ከዚያው ከተሰበሰበው ከሆነ ይጻፍ። ገንዘቡ ሲገባ ደረሰኙን አሳዩ።

ጥያቄ፦ የተጎጂዎችን ፎቶ በትልቅ ስክሪን ብናሳይ ሰው ይነካል አይደል?

ይነካል። ግን አስከሬን፣ የቆሰለ ልጅ፣ ፊቱ የሚታወቅ የሚያለቅስ ሰው አታሳዩ። እነዚያ ሰዎች ነገ ራሳቸውን ሊያዩ ይችላሉ። የፈረሰ ቤት፣ የተደፋ ድስት ይበቃል። ዘመዱ የተጎዳበት ሰው እናንተ መሀል ካለ ደግሞ ይናገር እንደሆነ ብቻውን ጠይቁት። እንቢ ካለ ሁለተኛ አትጠይቁት።

ጥያቄ፦ ጠቅላላው ስንት ደቂቃ ይሁን?

ከ45 ደቂቃ አይብለጥ። ዝምታው አንድ ደቂቃ ቢሆንም ለቆመ ሰው ረጅም ነው፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው ይኑር።

ጥያቄ፦ አሥር ሰው ብቻ ቢመጣስ?

ክቡን አጥብባችሁ ቁሙ። ሰፊ ሜዳ ላይ የተበተነ አሥር ሰው ያሳዝናል፣ ተጠጋግቶ የቆመ አሥር ሰው ግን ያምራል።

ጥያቄ፦ ሰሙ ወለሉ ላይ ፈሶ ባለቤቱ ተቆጣን። ምን ይደረጋል?

እስኪደርቅ ተዉት። በትኩሱ ከጠረጋችሁት ይሰፋል። ሲደርቅ በማይስል ነገር ፍቁት። ምንጣፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ቡናማ ወረቀት አልብሳችሁ ለብ ያለ ካውያ አሳልፉበት፣ ሰሙን ወረቀቱ ይመጠዋል። ለሚቀጥለው ከሥር ፕላስቲክ አንጥፉ። አሁን ግን ከመፋቃችሁ በፊት ሄዳችሁ ባለቤቱን ይቅርታ በሉት።