መልስ፦ የ16 ዓመት እህትህ ከቤት ወጥታ ብቻዋን ቤት መከራየት ትችላለች ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚኖርበትን ቦታ የሚወስነው አሳዳሪው ነው፤ በአብዛኛው አባትና እናት ማለት ነው። ሳያስፈቅድ ቢወጣ ሊያስመልሱት ይችላሉ። ክልል ከሆናችሁ የክልሉን የቤተሰብ ሕግ እዩ።

የኪራይ ውሉም ያው ነው፤ ብቻዋን ብትፈርም በኋላ ሊፈርስ ስለሚችል ደህና አከራይ መታወቂያዋን አይቶ «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ይላታል። ሥራ ግን ከ15 ዓመት ጀምሮ ይፈቀዳል፤ ቢበዛ በቀን 7 ሰዓት፣ የሌሊት ሥራ ክልክል ነው። እህትህ ገቢ ካላት ምናልባት ያደናገራችሁ ይሄ ነው።

አሁን፣ የምትወጣው ቤት ውስጥ ስለምትደበደብ ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው። አክስት ወይም አያት ጋ አስጠጓትና ፖሊስ ጣቢያ ወይም ወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አመልክቱ። ፍርድ ቤት አሳዳሪውን መሻር ይችላል። ሽማግሌ እስኪሰበሰብ አትጠብቁ።