መልስ፦ ጠላቂ በሚበዛበት ቦታ ዓሣ በጦር ስለመውጋት

ወንድሜ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ብሉ ሄሮን ድልድይ ሥር ጦርህን ይዘህ ስትገባ ሌሎቹ ጠላቂዎች ለምን እንደተቆጡህ ጠይቀሃል። እዚያስ ጉዳዩ ከነውርም ያልፋል። የግዛቱ ሕግ ሕዝብ ከሚዋኝበት የባሕር ዳርቻና ዓሣ ማጥመድ ከተፈቀደበት ድልድይ በ100 ያርድ፣ ማለትም በ91 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ዓሣ በጦር መውጋትን ይከለክላል።

በተፈቀደበት ቦታም ቢሆን ፈቃዱ ብቻውን አይበቃም። ቀድሞህ የገባ ሰው ካለ እስኪወጣ ጠብቅ፤ ተማሪዎች ይዞ የወረደ አስተማሪ ካየህማ ሌላ ቦታ ፈልግ። ጦሩን የሚያስወነጭፈው ላስቲክ የሚወጠረው ውኃ ውስጥ ከገባህ በኋላ ነው፤ ከመውጣትህም በፊት ማላላት አለብህ።

አንድ ጊዜ ከሰመጠ መርከብ አጠገብ ግሩፐር የሚባል አንድ ትልቅ ዓሣ እጄ ድረስ መጥቶ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ሰው የለመደ ዓሣ አይሸሽም። እንዲህ ያለውን መውጋት አደን አይደለም፤ ደጃፍ ላይ የተኛ የጎረቤት በግ እንደማረድ ነው። ጎልያድ ግሩፐር የሚባለውን ግዙፍ ዝርያ በጦር መውጋት ደግሞ በሕግም ክልክል ነው።

የወጋኸውን ዓሣ ወገብህ ላይ አንጠልጥለህ በሰዎች መካከል አትዋኝ። ደሙ ሻርክ ይጠራል፤ መዘዙም ለሌላው ይተርፋል። ወዲያው ወደ ጀልባው አውጣው። ነጭ ሰያፍ መስመር ያለበትን ቀዩን የጠላቂ ባንዲራ ከላይ ሳታንሳፍፍ አትውረድ። እኔ የምሄደው በሥራ ቀን፣ ገና ሲነጋ ነው፤ ያን ጊዜ ውኃው ውስጥ ሰው አይኖርም።