ከዝዋይ ሐይቅ ትልልቁ ቆሮሶ የት ገባ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ያደግኩት ዝዋይ (ባቱ) ነው፤ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ልጅ እያለሁ ከሐይቁ የሚወጣው ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) አንዱ ብቻ ሰሃን ይሞላ ነበር። በቅርቡ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ዳር ላይ ሲሸጥ ያየሁት ግን መዳፍ የማታክል ዓሣ ናት። አንዱ «የአበባ እርሻው ነው የጨረሰው» ይላል፣ ሌላው «አስጋሪው በዛ» ይላል። እውነቱ የቱ ነው? (ወንድማችሁ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም እውነት አላቸው። ችግሩ ሁሉም የራሱን ጥፋት ትቶ የሌላውን ብቻ ማንሳቱ ነው።

መጀመሪያ ሐይቁን እንየው። ዝዋይ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ቆመህ ስታየው ማዶው አይታይም። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 2 ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ወደ 9 ሜትር ግድም ነው። ውሃው የሚገባለት በዋናነት ከመቂና ከከታር ወንዞች ነው፣ የሚወጣው ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ሐይቅ። በዚያ ፀሐይ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ውሃ በትነት ብቻ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ሐይቅ ላይ ለመስኖ የሚሳብ ውሃ ቀላል ነገር አይደለም። ጥልቅ ሐይቅ ግማሽ ሜትር ቢቀንስ ብዙም አይታወቅበትም፤ ዝዋይ ግማሽ ሜትር ሲቀንስ ግን ዳሩ በሰፊው ይደርቃል።

ዓሣው የሚራባው ደግሞ እዚያው ዳር ላይ ነው። ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ መሬቱን ጎድጎድ አድርጎ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች፣ ወዲያው መልሳ በአፏ ትሰበስበዋለች። ሁለት ሳምንት ግድም እንቁላሉንና ጫጩቶቹን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ በዚህ ጊዜ ምግብ እንኳ በወጉ አትበላም። ጫጩቶቹ ሲለቀቁ የሚደበቁት ፊላው ሥር ነው። ፊላው ተመንጥሮ ቲማቲምና ሽንኩርት ሲተከልበት፣ ከማሳው ማዳበሪያና ፀረ ተባይ በቀጥታ ወደ ውሃው ሲወርድ፣ መጀመሪያ የሚጎዳው ይሄ የሕፃናት ማደጊያ ነው። ትልልቆቹ እርሻዎችም ትንንሾቹም እዚህ ላይ እጃቸው አለበት።

አሁን ወደ መረቡ እንምጣ፤ ምክንያቱም የዓሣው ማነስ ከሁሉ በላይ የሚያያዘው ከመረቡ ጋር ነው። ቆሮሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመራባት የሚደርሰው ከ18 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ግድም ሲሆን ነው። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ፣ በተለይ ከዳር ሆነው የሚጎትቱት ረጅም መረብ፣ ይህን አይመርጥም። ጎጆውን ያፈርሳል፣ ጫጩቱን ከጭቃው ጋር ጠራርጎ ያወጣል፣ አፏ ውስጥ እንቁላል የያዘችዋም ስትያዝ በድንጋጤ ትተፋዋለች፤ የተተፋው እንቁላል አለቀ ማለት ነው። አንድም ጊዜ ሳይወልዱ የሚያዙ ዓሦች ሲበዙ የሚቀሩት ትንንሾቹ ብቻ ይሆናሉ። ትልቅ ሴት ዓሣ ደግሞ ከትንሿ ብዙ እጥፍ እንቁላል ነው የምትጥለው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ዓሣ ሲጠፋ የሚጎድለው የአንድ ሰው ምሳ ብቻ አይደለም።

አንተ ልጅ በነበርክበት ጊዜ ከዝዋይ የሚያዘው አብዛኛው ቆሮሶ ነበር። አሁን ካርፕና አምባዛ ድርሻቸው እየጨመረ ነው። ሁለቱም የሐይቁ ተወላጆች አይደሉም፣ በሰው ምክንያት የገቡ ናቸው። በዓለም ላይ ከዝዋይ አካባቢ ውጭ የማይታወቅ፣ ቢልጫ ከሚባለው ዓሣ አንዱ ዝርያ ግን ዛሬ በመረብ ብቅ የሚለው ከስንት አንዴ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ቆሮሶ ከሌላ ቦታ ይገኛል፤ ያ ዓሣ እዚህ ከጠፋ ሌላ የትም የለም።

«ሐይቅ ዓሣውን ሙሉ በሙሉ ያጣል እንዴ?» የሚል ካለ፣ አብያታ እዚያው ጎረቤት ነው። አብያታ ድሮ ቆሮሶ ይሰገርበት ነበር። ከቡልቡላ የሚደርሰው ውሃ ሲቀንስ፣ ከራሱ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና ለሚውል ጨው) ማምረቻ ውሃ ሲሳብ፣ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዉ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። በጎረቤቱ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ይፈለፍሉ የነበሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን የሚለቅሙት አብያታ ላይ ነበር። እነሱም ምግባቸውን አጡ።

ጥያቄ፦ እኛ መቂ አካባቢ ያለን ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተን ዓሣ ለማስገር እያሰብን ነው። ዓሣው እያነሰ ነው ይባላል። ታዲያ ለምን ከምርምር ማዕከል ጫጩት አምጥተን ሐይቁ ውስጥ አንጨምርም? መንግሥትስ ለምን አይጨምርም?

መልስ፦ ሐሳባችሁ ቅን ነው፤ ግን ዝዋይ የጎደለው ጫጩት አይደለም። ቆሮሶ ራሱ ዓመቱን ሙሉ ይራባል። የጎደለው ጫጩቱ አድጎ አንዴ እንኳ እስኪወልድ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ዛሬ መቶ ሺህ ጫጩት ብትጨምሩና ጠባቡ መረብ እዚያው ካለ፣ የከተታችሁት ለመረቡ ነው። በዚያ ላይ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ዓሣ በሽታም የማይፈለግ ዝርያም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ካርፕን ተመልከቱ፤ ጭቃውን እየቆፈረ ስለሚመገብ ውሃውን ያደፈርሳል፤ አንዴ ገብቷል፣ ከእንግዲህ የሚያወጣው የለም። ጫጩት መጨመር የሚያዋጣው ለኩሬና ዓሣ ለሌለበት አዲስ ግድብ ነው። ቦታ ካላችሁ ኩሬ ቆፍራችሁ ብታረቡ እደግፋችኋለሁ፤ ባቱ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ሄዳችሁ አማክሩ።

ማስገሩን ከገባችሁበት ግን እንዲህ አድርጉ። ፈቃድ አውጡ፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ይህን ይጠይቃል። መረብ ከመግዛታችሁ በፊት የተፈቀደውን የመረብ ዓይን ስፋት ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ነጋዴው በርካሽ የሚሰጣችሁን ስስ የፕላስቲክ መረብ ዝም ብላችሁ አትውሰዱ። ያ መረብ ከተቀደደ በኋላ እንኳ ውሃ ውስጥ ተጥሎ ዓሣና ወፍ መያዙን አይተውም። ከዳር የሚጎተተውን መረብ ጨርሶ ተዉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊላ ያለበትን አንድ ዳርቻ መርጣችሁ፣ ከሌሎቹ ማኅበራትና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ተስማምታችሁ፣ ማንም እንዳያሰግርበት አድርጉ። በተለይ ከየካቲት በኋላ ባሉት ወራት እርባታው ስለሚጠነክር ቦታውን መጠበቅ ያኔ ነው የሚያዋጣው። ሌሊት ተደብቆ የሚያሰግረውን ብቻችሁን መከላከል እንደማትችሉ አውቃለሁ፤ ሕጋዊው አስጋሪ በአንድ ድምፅ ሲጮህ ግን ወረዳውም መስማቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ እኔ አዳማ ነኝ። እንደ ብዙ ሰው በዐቢይ ጾም ቤታችን ዓሣ እንበላለን። ስገዛ ሐይቁን እንዳልጎዳ ምን ልይ? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እናቴ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ በብዛት ቢመጣልኝ ደስ ይለኝ ነበር። የሁለቱ ወር ጾም ገበያው የሚደራበት ጊዜ ነው፣ ዓሣውም መራባቱን የሚያጠነክረው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ገዢው የሚመርጠው ነገር ሐይቁ ድረስ ይሄዳል።

ሙሉውን ዓሣ ሲገዙ ከስንዝር ያነሰ ቆሮሶ አይውሰዱ፤ «ትንሽ ስለሆነ ነው የማልገዛው» ብለው ለነጋዴው ይንገሩት። ፊሌቶ ሲሆን መጠኑ ስለሚደበቅ ልብ ይበሉ፣ ሁለት ጣት የማያክል ስስ ፊሌቶ የወጣው ካልደረሰ ዓሣ ነው። ካርፕንም ይሞክሩት። እሾሁ ይበዛል ብለው የሚሸሹት አሉ፤ ለጥብስ ያስቸግራል፣ ለጉላሽ ግን እሾሁን በጥንቃቄ ለቅመው ሽንኩርቱን በደንብ ካቁላሉት ጥሩ ነው። ካርፕ ቅርፊት ስላለው፣ ቅርፊት የሌለውን አምባዛ የማይበሉ ቤተሰቦችም ይበሉታል። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከቆሮሶ ይቀንሳል። ትኩስ መሆኑን ለማወቅ ስንጥቡን ገልጠው ይዩት፤ ደም የመሰለ ቀይ መሆን አለበት፣ ቡናማ ከሆነ ይመልሱለት።