መልስ፦ አዲሱ ሳተላይት የደሴን በረዶ ቀድሞ ይነግረናል ወይ?

አብሽር ወንድሜ። «ስልኬ ፀሐይ ነው እያለ ደሴ ላይ በረዶ ይወርዳል፤ አዲሱ ሳተላይት ይህን አያስተካክልም ወይ?» ላልከው፣ በከፊል ያስተካክላል።

ስልክህ በአብዛኛው የሚያሳይህ የኮምፒውተር ትንበያ ነው። አሁን ያለውን ሰማይ የሚያየው ሜቴዎሳት የተባለው የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ነው። ከምድር ወገብ 36,000 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር አፍሪካ ከዓይኑ አትጠፋም። የቀድሞው ትውልድ በ12 ቻናል (በ12 ዓይነት የብርሃንና የሙቀት ጨረር) በየ15 ደቂቃው ምስል ያነሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የመጠቀው አዲሱ ሜቴዎሳት-12 ግን በ16 ቻናል በየ10 ደቂቃው ያነሳል።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የመብረቅ ካሜራው ነው። በሰከንድ እስከ 1,000 ምስል ያነሳል፣ ቀንም ሌሊትም። ክረምት ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲቆለል መብረቁ በድንገት ከበዛ፣ ከባድ ዝናብ ወይም በረዶ ሊከተል ይችላል። ለእኛ ደጋ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ፣ ሳተላይቱ ያለው ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በላይ ነው። ወሎን የሚያያት በሰያፍ ነው። ረጅም የነጎድጓድ ደመና ጦሳ ተራራ አናት ላይ ቆሞ፣ ምስሉ ላይ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ተገፍቶ ሊታይ ይችላል። ኮምቦልቻ ነው ብለህ ስትዝናና አንተው ላይ ይወርዳል! ደግሞ የሚያየው የደመናውን ጣሪያ ነው። ከሥሩ የሚወርደውን ዝናብ በደንብ የሚለካው ራዳር ነው።

ምስሉን የሳተላይቱ ባለቤት በሆነው የአውሮፓ ድርጅት፣ በዩሜትሳት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኘዋለህ። ጠዋት ልብስ ልጠብ አልጠብ ለማለት ብዙም አይረዳህም፤ ከሰዓት ሰማዩ ሲጠቁር ክፈተው።